አስራ ሁለቱ ቃላት በአጭር ሞገድ

የእህቴ ባል ገንዘብን ከመንግሥታትና ከባንኮች ነጻ ያወጣ ሰው ነው። ይህን የሚነግረን እሱ ራሱ ስለሆነ በቤታችን «ነጻ አውጪው» ተብሎ ቀርቷል። ነጻ ያወጣው ግን የራሱን ገንዘብ አይደለም፤ የራሱ የሚባል ኖሮትም አያውቅ። ነጻ ያወጣው የእህቴን ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። አስራ አንድ ዓመት በሰው ሱቅ፣ በሰው የስፌት መኪና የሰው ሱሪ ስታሳጥር ኖራ የራሷን ሱቅ የምትከፍትበት ገንዘብ አጠራቅማለች። እሷ ገንዘቡ ባንክ የተቀመጠ ይመስላታል። ባሏ ከአራት ወር በፊት ሳያማክራት ከጋራ ሒሳባቸው አውጥቶ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ገዝቶበታል።

እኔም ይህን የሰማሁት ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ነው። ከባሕር በታች የሚያልፈው ገመድ ተበጥሷል ከተባለ አስራ ስድስት ቀን ሆነ። ወደ ውጭ ስልክ መደወልም አይቻልም፤ ባንኮች ብቻ በሳተላይት ይሠራሉ። እህቴ ለተስማማችበት ሱቅ የቅድሚያ ኪራዩን የምትከፍለው ከመጪው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው፤ ካልከፈለች ሱቁ ለሌላ ይሰጣል። ነጻ አውጪው ገንዘቡን ለማውጣት ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ባሕር ውስጥ ነው። ማንም መንግሥት ሊነካው የማይችል የተባለለት ገንዘብ እሱም ሊነካው የማይችል ሆኖ አረፈው።

በዚህ ጊዜ ነው እኔ ትዝ ያልኩት። ሠላሳ ዓመት በመርከብ ላይ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን በትርፍ ጊዜዬ፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ፣ እህቴና ባሏ ከሚኖሩበት ቤት ጣራ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍሌ ቁጭ ብዬ በአጭር ሞገድ ከዓለም ጋር አወራለሁ። ሕጋዊ ፈቃድ አለኝ፤ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ነጻ አውጪው ሬዲዮዬን ላለፉት አስራ አራት ዓመታት «ቆርቆሮው» እያለ ሲጠራት ኖሯል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዐይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«ጋሼ፣ ሬዲዮዎ እንዴት ነች?»

«ቆርቆሮዋን ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ እንጂ!»

ተቀመጠና ጉዱን ዘረገፈው። ደሜ ፈላ። ከነወንበሩ በደረጃው ልወረውረው ፈልጌ ነበር፤ ወንበሩ አሳዘነኝ።

«ለእሷ እንዳይነግሩብኝ» አለ። «ካወቀች ትዳሬ አለቀለት። የኪራዩ ሰኞ ሳይደርስ ገንዘቡ ቦታው ይመለሳል፤ እሷም ሳታውቅ ያልፋል።»

እህቴን እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ ተነስቼ ልነግራት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «ለእሷ ስል ነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ዝም አልኩ። የማይረባ ነገር ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም።

ዕቅዱን በትዕግሥት አስረዳኝ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ። ስልኩ ያለ ኢንተርኔትም ቢሆን የክፍያ ትእዛዝ አዘጋጅቶ መፈረም ይችላል። የተፈረመው ትእዛዝ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። ያንን ሰልፍ ኢንተርኔት ያለው ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ቢልከው ገንዘቡ ይንቀሳቀሳል። ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለተወሰነ መንገድ ላይ የሰማው ሁሉ ሊሰርቀው አይችልም። የሚሄደው ውጭ አገር ወዳለ ጓደኛው ነው፤ ጓደኛው ይመነዝርና ይልክለታል።

«በምን ይልክልሃል?»

«በባንክ።»

«በባንክ?»

«ለጊዜው ነው ጋሼ» አለ፤ ጆሮው ቀላ። «ዋናው ነገር ማንንም ማመን አያስፈልግም። ውበቱ እሱ ነው።»

ማንንም ማመን ለማያስፈልገው ለዚህ ሥራ ወረቀቱን የሚጽፈውን እሱን፣ የማነበውን እኔን፣ እንዲሁም በሌላ አህጉር ተቀምጦ የሚሰማንን ጥርስ ሐኪሙን ማመን ነበረብን። ጥርስ ሐኪሙ ውጭ የሚኖር የአገሬ ሰውና የሬዲዮ ወዳጄ ነው። ሃያ ዓመት አውርተናል፣ ተያይተን ግን አናውቅም። የጉልበቱን ሕመም፣ የልጁን ሠርግ፣ የጎረቤቱን ክፋት አውቃለሁ፤ መልኩን ግን ብጠየቅ አልመልስም። እንዲረዳን ስጠይቀው «ኢንተርኔት አለኝ፣ እርሳስም አለኝ፣ አንብብ» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቆረቆረኝ። ፈቃዴ ላይ የንግድ መልእክት ማስተላለፍ ክልክል ነው ይላል። ትንሽ አሰብኩበት፤ ከዚያ የነጻ አውጪውን ፊት አየሁና ይሄ ንግድ ሳይሆን ኪሳራ ነው ብዬ ወሰንኩ።

አርብ ከሰዓት ሞገዱ ሲከፈት፣ ማለትም ድምፅ ሩቅ መድረስ ሲጀምር፣ ጀመርን። ሬዲዮዬ ከኮምፒውተር ጋር ስለማትተዋወቅ ነጻ አውጪው አራት መቶ አርባ ስምንቱን ፊደልና ቁጥር ሁለት ወረቀት ላይ በእጁ ገልብጦ ሰጠኝ። ሌሊት የነፈሰው ንፋስ የአንቴናዬን ምሰሶ አዘንብሎት ነበርና እሱን ጣራ ላይ አውጥቼ ገመዱን አስያዝኩት። የዓለምን የገንዘብ ሥርዓት የሚገለብጠው ሰው የልብስ ማስጫ በሚያህል እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ቆመ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

«ሰባት፣ ሰባት። አልፋ፣ አልፋ። ዜሮ፣ ዜሮ። ኢኮ፣ ኢኮ።»

«ኤ»ን አልፋ፣ «ኢ»ን ኢኮ እያልኩ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ በየሃያው ቆም እላለሁ፤ ጥርስ ሐኪሙ መልሶ ያነብልኛል። መሀል ላይ ሞገዱ እንደ መጥበሻ መንጣጣት ጀመረ፤ አንዳንዱን መስመር አራት ጊዜ ደገምኩ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሁለተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ ደረስኩ። እዚያ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ አስራ ሁለት ቃላት ተደርድረው አገኘሁ።

የእኔ ሙያ አንድ ትልቅ ሕግ አለው፦ ኦፕሬተር ከመልእክቱ ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ገና ጀማሪ ሳለሁ ትርጉም የላትም ብዬ ከአንድ ቴሌግራም ላይ የጣልኳት ቃል የወር ደመወዜን አስቀጥታኛለች። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ ያለ ሁሉ ይነበባል፤ የሻይ ጠብታ ቢኖር እንኳ ጠቅሼው ነው የማልፈው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ቀጠልኩ።

«ሎሚ፣ ሎሚ። መሰላል፣ መሰላል። ጎረቤት፣ ጎረቤት።»

ግጥም ቢጤ መሰለኝ። በዚያች ሰዓት ደግሞ ሞገዱ ጥርት አለ፤ በወሩ ውስጥ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። አስራ ሁለቱንም በሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ አሳምሬ ጨረስኩ።

ጥርስ ሐኪሙ መልሶ በማንበብ ፈንታ ጠየቀኝ።

«ወዳጄ፣ የመጨረሻዎቹ አስራ ሁለት ቃላት ምን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«የመልእክቱ መዝጊያ ናቸው» አልኩ በኩራት።

«ሬዲዮህን አትዝጋ» አለና ጠፋ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሳይሰናበተኝ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

ነጻ አውጪው ላብ በላብ ሆኖ ከጣራ ወረደ። «አለቀ?» አለኝ።

«ሁሉንም አነበብኩ። ያቺንም ግጥም ጭምር።»

«የቷን ግጥም?»

ወረቀቱን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ። ቀስ በቀስ ሲያስረዳኝ እኔም ክው አልኩ። የተፈረመው ትእዛዝ ማንም ቢሰማው አይጎዳም። አስራ ሁለቱ ቃላት ግን የካዝናው ቁልፍ ናቸው፤ እነሱን የሰማ ሁሉ ገብቶ ጠራርጎ መውጣት ይችላል። በዚያ ሞገድ ላይ ደግሞ የዓለም ጡረተኛ ሁሉ ጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ እርሳሱን ቀስሮ፣ የሰማውን ሲጽፍ ይውላል።

«ለምን እዚህ ወረቀት ላይ ትጽፈዋለህ?» ብዬ ጮህኩ።

«ታች ቤት ብተወው ታገኘዋለቻ! እርስዎስ ለምን ያነቡታል?»

«የሰጠኸኝን ነዋ ያነበብኩት!»

«ያ ጥርስ ነቃይ ወስዶታል! ይኸው ጠፋ! ሌባ!»

በጩኸታችን መሀል በሩ ተከፈተ። እህቴ ናት፤ ታች ከሱቅ ያመጣችውን ሱሪ በእጇ ስትሰፋ ነበርና የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «ምንድን ነው የተወሰደው?» አለች። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወለሉን ማየት ጀመርን። በዚህ ጊዜ ሬዲዮዋ ተናገረች።

«ወዳጄ፣ ትሰማኛለህ? ፊደሎቹ አልሠሩም፤ አንዱ መንገድ ላይ ሳይጠፋ አልቀረም። ቃላቱን ግን ሙሉ በሙሉ ጽፌያለሁ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ በእነሱ ገብቼ ገንዘቡን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሬዋለሁ። አልተነካም። የአዲሱን ቁልፍ ግን በሬዲዮ አልናገርም። አሁን የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ንገረኝ። ጨርሻለሁ፣ ኦቨር።»

ነጻ አውጪው ማይክሮፎኑን ለመያዝ ተንጠራራ። «የእኔ…» አለና ወደ እሷ ዞር አለ። እህቴ አየችው። እጁን ሰበሰበ።

«የእሷ ነው» አለ። «የሱቁ ገንዘብ ነው።»

እህቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«ከትናንት ወዲህ» አልኩ።

«ለዓለም ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ስታነብ ነው የዋልከው» አለች። «ለእኔ አንዴ እንኳ?»

አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ የማፍርበት ቦታ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። «ለአንቺ ስል ነው» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደች። የመናገሪያውን ቁልፍ አጥብቃ ተጫነች፤ ማንም አላስተማራትም።

«ዶክተር፣ የገንዘቡ ባለቤት እኔ ነኝ። ይሽጡልኝና የሚገኘውን በባንክ፣ በእኔ ስም ብቻ ይላኩልኝ። ለሰኞ ካልደረሰም ምንም አይደል፤ ሌላ ሱቅ እፈልጋለሁ።»

«እሺ እመቤት። ግን እኔን እኮ አታውቂኝም። እስከዚያ የሚይዝልሽ የምታምኚው ሰው የለም?»

እህቴ ባሏን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ የምታየው ሰው አልነበረም።

«የለም» አለች። «እርስዎ ጋ ይቆይልኝ።»

ከዚያ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የጀመረችውን ሱሪ ልትጨርስ ወደ ታች ወረደች።