የአባዬ ትኩሳት

የአባዬ ትኩሳት ጠፋ፤ ወንድሜም ቀዶ ጥገናውን አስቀረ።

ትልቁ ልጅ እሱ ነው። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ቤት ውስጥ ግን «ኢንጂነሩ» ነው የሚባለው። እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ፤ የምባለውም ጸጉር ሠሪ ነው። የደንበኛ ጸጉር ቀለም እየቀባሁ ሳለ እትዬ ደወለች። የአባዬ እህት ናት፤ ወሬ እሷ ጋ አያድርም።

«እልል በይ! ትኩሳቱ ለቀቀው! ቀዶውም ቀረ!»

«ማን አስቀረው?»

«ወንድምሽ ነዋ! ምን የመሰለ ልጅ!»

ደንበኛዬን ለባልደረባዬ ጥዬ ወደ ሆስፒታል በረርኩ።

አባዬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል፤ ራሱን አያውቅም። ሐሞት ከረጢቱ መግል ቋጥሮ፣ መርዙ በደሙ ተሰራጭቶ የደም ግፊቱ ወርዷል። ከአንገቱ የወጣ ቱቦ ደሙን ወደ ማሽን ይወስዳል፤ ማሽኑ አጣርቶ ይመልሳል። ወንድሜ ለአባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽኑ ላይ ጆሮውን ደግኗል።

«እስቲ ድምፁን ስሚው። እንከን የለውም።»

«ማሽኑ ታመመ ያለህ አለ እንዴ?»

«አንቺ ደሞ! ግንባሩን ንኪው።»

ነካሁት። ቀዝቅዟል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። አባቱን ቢላ ባይነካበት የሚጠላ ማን አለ?

ሐኪሟ ገባች። የደከማት ትመስላለች፤ ይህን ነገር ለወንድሜ ስትነግረው የመጀመሪያዋ አልነበረም።

«ደሙ ከሰውነቱ ወጥቶ በዚህ ሁሉ ቱቦ ዞሮ ሲመለስ ይበርዳል። ትኩሳቱ አልጠፋም፤ ማሽኑ ሸፍኖት ነው። መግሉ እዚያው አለ። ማሽኑ ያግዘን ይሆናል እንጂ ብቻውን አያድነውም። ከረጢቱ ዛሬ መውጣት አለበት።»

«ትኩሳት የሌለው ሰው ሆዱ ይቀደዳል?» አለ ወንድሜ።

«ቀዶው ላይ ሊሞት ይችላል?» አልኳት።

«ይችላል። ካልተሠራለት ግን ይሞታል።»

«ሰማሽ? ይችላል አለች!» ሁለተኛውን አልሰማም።

«አንተ ሥራህ ማቀዝቀዝ አይደል እንዴ?» አልኩት። «የተበላሸ ሥጋ ፍሪጅ ስለገባ ይድናል?»

«አባዬን ሥጋ አልሽው?»

እትዬ ለካ ደርሳለች። «ኧረ ነውር ነው!» አለች ከበሩ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ነውረኛዋ እኔ ሆንኩ።

ማሽኑ ጮኸ። ማጣሪያው ውስጥ ደም ረግቷል። ነርሱ አቆመውና አዲስ ማጣሪያ መግጠም ያዘ። ጠበቅን። አባዬ ቀስ በቀስ ጋለ፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ወንድሜን አየሁት፤ አሁንስ ይገባዋል ብዬ።

«አላልኳችሁም!» አለ። «ማሽኑ ሲቆም አገረሸበት! ሁለተኛ ማሽን ይምጣለት። አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይሠራል።»

«አይ ጭንቅላት!» አለች እትዬ። ማድነቋ ነው።

ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«ለቀዶው የአንዳችሁ ፊርማ ይበቃኛል። ግን ወንድምሽ በሩ ላይ ቆሞ ‹የነካው ሰው ወዮለት› እያለ ሠራተኞቼ አልጋውን አይገፉም። አባትሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለውም።»

ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ፤ እትዬ ዕድሜ ልኳን ታወራዋለች። ቢድን ያዳነው ማሽኑ ነው። ይህንንም ታወራዋለች።

ተመልሼ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ልክ ነህ» አልኩት ወንድሜን። «የዕቃ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ወርደህ ሁለተኛ ማሽን ካላቸው ራስህ እየው። እነዚህ ምን ያውቃሉ? ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይምረጥ። እትዬንም ይዘሃት ሂድ፣ እሷ ስትናገር እንቢ አይሏትም።»

ደረቱን ነፍቶ ወረደ። እትዬ ተከተለችው።

ፈረምኩ። የአልጋውን ፍሬን ፈታሁ፤ ነርሱና እኔ አባዬን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገፋነው።