የካዛንቺስ ግዳይ

አጸደ ጎመኑን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ብትስበው ያለ ትግል እጇ ላይ ቀረ። ሥር የለውም። በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ይኼ አሥራ አንደኛው መሆኑ ነው። አጠገቡ አዲስ አፈር እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ብሎ ተቆልሏል።

«ብላ፤» አለች ወደ አፈሩ ጎንበስ ብላ፤ «ብላ፣ የመጨረሻህ ነው።»

እንዲህ ስትል ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ፍልፈሉም ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቷል።

ቦታዋ ሰፊ እንዳይመስላችሁ። ካዛንቺስ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ በግንብ አጥሩና በመኪና ማቆሚያው መካከል የተረፈች፣ አራት አልጋ ቢዘረጋባት የምትሞላ መሬት ናት። አጸደ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። የድሮ ሰፈሯ ፈርሶ እዚህ ስትመጣ ያ ጥግ የብሎኬት ስብርባሪ ብቻ ነበር። ድንጋዩን ለቅማ፣ አፈር በባልዲ አመላልሳ፣ ጎመንና ድንች ያበቀለችበት እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ፊደል ከቆጠሩት ጎረቤቶቿ ግን አንዳቸውም በረንዳ ላይ ያኖሩት አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም ቆይቶ አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ደጋጋ መጣ። ደጋጋ ክፉ ሰው አይደለም፤ መኪና ከገዛ ወዲህ ግን ባዶ መሬት ሲያይ ጎማ ነው የሚታየው። ፍልፈሉ የግቢውን ሣር ሁሉ እየቦረቦረ መሆኑን፣ የጠራውም የእማማ ጎመን መሆኑን፣ እስከ እሁድ ስብሰባ ካልጠፋ ቦታው ሲሚንቶ ፈሶበት ፓርኪንግ እንደሚሆን በትሕትና ነገራት። ያናደዳት ትሕትናው ነው። የተሞከረው ሁሉ ተሞክሯል። ጥበቃው ቀኑን ሙሉ በጎማ ውሃ ቢለቅበት ፍልፈሉ ጠጥቶ ተኛ። መርዝ እናድርግ ሲሉ ደግሞ ራሷ ከለከለች፤ መርዝ የፍልፈልን አፍ ከሕፃን አፍ አይለይም ብላ።

ልጇ እጸገነት ግን የስብሰባውን ነገር ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ደምበል አካባቢ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ማታ ማታ የእናቷን ጉልበት እያሸች ስትነጫነጭ ዓመት አልፏታል።

«ማለቴ እማዬ፣ ምን ጎደለሽ? በቃ ይሠሩበት። ቁጭ በይ። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚጦረው።»

«ካሕሳይን አላየሽውም? ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ምላሱ ብቻ ነው።»

ካሕሳይ ከአትክልቷ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በድሮው ሰፈርም አጥር ለአጥር ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲነካከሱ ነው የኖሩት። በጉልበቱ ዘመን ኦሞ ቆላ ወርዶ አዳኝ ይመራ የነበረ፣ ጎሽ የጣለ ሰው ነው፤ ይኼንን ያልሰማ የካዛንቺስ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት። አምና ደረጃ ላይ ከወደቀ ወዲህ ልጁ አሉላ እንዳይወጣ ብሎ ጫማውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ካሕሳይም ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳ ላይ ይቀመጥና የአጸደን ሥራ ያርማል። ዶማሽን ዝቅ፣ ውሃሽን ቀነስ፣ ድንችሽን አራርቂ።

ሐሙስ ጠዋት አጸደ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና እጇን ለዓይኗ ጥላ አደረገች።

«ካሕሳይ፣ ጎሽ ጥያለሁ የምትለው እውነት ነው ወይስ ከሰው የሰማኸው?»

ካሕሳይ ከመቀመጫው ተነሳ። በረንዳውም ባዶ ሆነ። ተቀየመ ስትል በደረጃው በኩል የከዘራ ድምፅ ሰማች። እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ቆይቶ ቆይቶ በነጠላ ጫማ ብቅ አለ። ላዩ ላይ ግን ክንዱ ጋ የተቀደደ የአደን ኮቱን ለብሷል። አጸደ እግሩን አየችና ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። እንደ ሙሽራ አብርቷል።

ካሕሳይ ከዘራውን ተደግፎ ተንበረከከና አፈሩን በጣቱ ፈረፈረው። የዛሬውን ጉብታ ከትናንቱ ለየላት። ፍልፈል ብቻውን የሚኖር ኩርፍተኛ ነው፣ ብርሃንና ነፋስ ቤቱ ሲገባ አይችልም አላት፤ ጉድጓዱን ከከፈትሽለት ሊደፍን መምጣቱ አይቀርም። ጆሮው መሬት ነው፤ እግር ያነሳ ሰው አያገኘውም። አፈሩ ሲነቃነቅ አፍንጫው ላይ ከመታሽ ወደ ኋላ ያመልጣል። ከኋላው መትተሽ መንገዱን መዝጋት ነው።

«ይኼ ሁሉ እያለህ ሦስት ሳምንት ጎመኔን ስታስበላ ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ፤» አለ ካሕሳይ። እውነቱን ነው። ማንም አልጠየቀውም።

ጉድጓዱን ከፈቱና ቆመው ጠበቁ። ዶማውን የያዘው እሱ ነው፤ ጎሽ የጣለ እያለ ለአንቺ አይሰጥም አላት። ፀሐይዋ ግንቡን ስታልፍ አፈሩ ንቅንቅ አለ። ካሕሳይ ሰነዘረ። ዶማው አንድ ለስላሳ ነገር ሲነካ ሁለቱም ሰሙ።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። በካሕሳይ አገር ግዳይ የጣለ ወዲያው ይፎክራል፤ ሳይፎክር የቀረ አልገደለም። ስለዚህ ዶማውን ጥሎ ከዘራውን ወደ ሰማይ ሰበቀና «ዘራፍ! ካሕሳይ ገዳይ፣ የጎሽ አባት!» እያለ በነጠላ ጫማው ሁለት ጊዜ ዞረ። በረንዳው ሁሉ ሰው ሆነ፤ ያላጨበጨበ የለም። ፎክሮ ሲጨርስ አጸደ አፈሩን ጫረች። አንድ ሥሩ የተበላ ድንችና ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ ብቻ አገኘች። ፍልፈሉ ፉከራውን ሳያዳምጥ ሄዷል። ደጋጋ ከመኪናው አጠገብ ሆኖ ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ያዘ። ካሕሳይ ከዘራውን ተደግፎ ደረጃውን ወጣ። ዓርብ በረንዳው ላይም አልታየም።

ቅዳሜ ጠዋት አጸደ የተገለበጠ ባልዲዋ ላይ ዶማዋን ታቅፋ፣ በተከፈተው ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠች። ከነገው ስብሰባ በፊት የቀራት ይኼ ቀን ብቻ ነው። እጸገነት ልታስገባት መጣች።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቁጭ በይ አላልሽኝም?» አለች አጸደ በሹክሹክታ። «እንዳትንቀሳቀሺ። እግርሽን ይሰማል።»

እጸገነት አንድ እግሯ ሣሩ ላይ፣ አንዱ አፈሩ ውስጥ እንዳለ ደርቃ ቀረች። እናትና ልጅ እንደዚያው ሆነው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ወፍ መጥታ አጠገባቸው ጥሬ ለቀመች። የአጸደ ጉልበት እንደ ምድጃ ነደደ፤ አልዘረጋችውም። እጸገነትም እናቷን ዝም ብላ ያየችበት ቀን ትዝ አላላትም። እጇን አየችው፤ ዶማው ላይ እንደ ወጣት እጅ ጸንቷል።

አጸደ ቀና ስትል ካሕሳይ በረንዳው ላይ ቆሟል። የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ነክሶታል። ከላይ ሆኖ ሣሩ ሥር እየተሰነጠቀ የሚመጣውን አፈር ያያል፤ ከዘራውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ፍልፈሉ ሲቀርብ ቀስ እያለ ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ። ደግሞ ዝቅ። ጉድጓዱ አፍ ላይ አፈሩ ነቃ አለ። ካሕሳይ ከዘራውን ባንዴ ቁልቁል አወረደው። አጸደ ከኋላው መታች፤ መንገዱ ተዘጋ። ሁለተኛው ምት ጨረሰው።

ማንም አልጮኸም። እሷ በጆሮው አካባቢ ይዛ አነሳችው፤ የድመት ግልገል ያክላል፣ ጥርሱ ብርቱካን መስሏል። ገልበጥ ስታደርገው ታፋው ላይ መድረቅ የጀመረ ቁስል አየች። የሐሙስ ቁስል ነው።

ይኼን ሕግ ካሕሳይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ መቶ ጊዜ ነግሯታል፤ ደም ቀድሞ ያፈሰሰ፣ ግዳዩ የእሱ ነው፤ የጨረሰው አጋዥ ነው። ቁስሉን ያየችው እሷ ብቻ ናት። በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። የጎመኑ ባለቤት እኔ፣ ጉልበቴ የነደደ እኔ አለች በልቧ። ከዚያ ጣቷን አነሳች።

«ካሕሳይ፣ ሐሙስ አድምተኸዋል። ግዳዩ ያንተ ነው።»

በረንዳው ላይ ጋቢው ከአፉ ወደቀ። ሲወርድ በዚህ ጊዜ በጫማ ነው፤ ቁም ሳጥኑን የከፈተው አሉላ ራሱ ክንዱን ይዞታል። ካሕሳይ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አየው። ጎሽ ሲያይ እንኳን እንዲህ አላየ ይሆናል።

«ሕጉ እንዲህ ነው፤» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ያደማ ይፎክራል። የጨረሰ ቅቤ ይቀባል።»

እንዲህ የሚል ሕግ በቆላም በደጋም የለም። አጸደ ታውቃለች፤ መቶ ጊዜ ሲነግራት አንድ ቀን እንኳን አላነሳውም። እሱም ማወቋን ያውቃል። ስለዚህ አፏን ዘጋች፤ ይኼ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው።

እጸገነት አፈር የበላ ጫማዋን እያንኳኳች ወደ ቤት ሮጠች። ከፍሪጅ ያወጣችው ቅቤ ድንጋይ ነው። በሁለት መዳፏ መሐል አሽታ አሽታ አለዘበችው፤ ሽታው ሻሽ ያበላሻል እያለች ለዓመታት ከእናቷ ጋር የተጣላችበትን ቅቤ የእናቷ አናት ላይ አኖረችው። ካሕሳይ ዘራፍ አለ፤ አሁን የሚያመልጥ የለም። ቅቤው በአጸደ ግንባር ላይ ቀልጦ ወረደ፤ አላበሰችውም።

እሁድ ስብሰባው ስለ ውሃ ታንከር ሆነ። ስለ ሲሚንቶ ያነሳ አልነበረም።

ሰኞ እጸገነት ከሥራ ስትመለስ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ ይዛ መጣች። በባልዲ መቀመጥ ለወገብ ጥሩ አይደለም አለች። አጸደ በርጩማዋን በእጇ እየመዘነች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ደጋጋ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«እማማ አጸደ፣ እንደምን አመሹ። እኔ መኪናዬን ከማቆምበት አጠገብ... ማለቴ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ጉብ ያለ አፈር አየሁ። ምናልባት እርስዎና አቶ ካሕሳይ...»

አጸደ በርጩማዋን መሬት ላይ አኖረች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ተደላድላ ተቀመጠችባት።

«ቆይ እስቲ፣ ቁጭ ብዬ ላስብበት፤» አለችው።