የገዱ ሆድ

የትናየት ልጇን አዝላ ከዳባት በላይ ያለውን ዳገት ትወጣ ነበር። ገዱ ገና ሦስተኛ ዓመቱን መያዙ ነው። ሆድ ድርቀት ከያዘው ሰንብቷል፤ ሰገራ አይወጣውም። የተነፋው ሆዱ እንደ ቅል ጠጥሮ ጀርባዋን ይጎረብጣታል። ሲመጣበት እግሩን አቆላልፎ፣ ፊቱ ደም መስሎ ይንቀጠቀጥና ተመልሶ ዝም ይላል። ያ ዝምታው ነው ያስፈራት። ባለፈው ክረምት የጎረቤቷ ልጅ እንዲሁ ሆዱ ተነፍቶ፣ እንዲሁ ዝም ብሎ ነው የቀረው። አንጀቱ ታጥፎ ነው አሉ። ወላድ ትፍረደው፤ ይህን ያየች እናት እንቅልፍ ይወስዳታል?

አባትየው ሰይፈ ሥላሴ የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት ነው፤ ተረኛ ሆኖ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ካምፕ ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። ተልባ በጥብጣ ሰጠችው፣ ማር አላሰችው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማን ቀራት? ዳገቱ አናት ላይ የሚኖሩት እማማ ሸጊቱ። በዚያ አገር እኒያ ሴት ያላሹት የሕፃን ሆድ የለም።

እማማ ሸጊቱ ልጁን ሲያዩ እንደ ወትሯቸው አልቀለዱም። ያስታውከዋል ወይ፣ ትኩሳትስ አለው፣ ፈስ ይወጣዋል ብለው ጠየቁ። አያስታውከውም፣ ትኩሳትም የለው፣ ፈሱም ይወጣል አለቻቸው።

«ቢያስታውከው ኖሮ እጄንም አላሳርፍበት» አሉ። «ቀጥ ብለሽ ደባርቅ ሆስፒታል ነበር።»

የትናየት ሆስፒታል ሲባል ስትሰማ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

ሴትዮዋ መዳፋቸውን እሳት ላይ አሙቀው ቅቤ ነካ አደረጉና ከእምብርቱ በስተቀኝ ጀመሩ፤ ወደ ላይ፣ ተሻግረው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ቀስ እያሉ አዞሩ። ጉልበቱን አጥፈው ወደ ሆዱ ይገፉና ይለቃሉ። መጀመሪያ ሲነኩት ዋይ ያለው ልጅ ቆይቶ ቆይቶ ላላ። አፋቸውም አያርፍም፤ ስለ በጉ፣ ስለ ዶሮው ያጫውቱታል። በጨዋታው መሀል እንደ ዘበት፣ ታዲያ ለምን ወጥተህ አትጸዳዳም፣ ማን ከለከለህ አሉት።

ገዱ እናቱን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጭራቁ ይበላኛል» አለ።

«የት ያለው ጭራቅ?»

«ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ። እማ ናት ያየችው።»

የትናየት ፊቷ እሳት ሆነ። በመስከረም የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት እየዞረች ሽንት ቤት ቆፍሩ ስትል፣ ሰይፈ ሥላሴ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈረ። ገና ሳይከደን ልጁ አፋፉ ላይ ቆሞ ሲያጮልቅ አገኘችው። ክው አለች። እዚያ ውስጥ ጭራቅ አለ፣ እግርህን ጎትቶ ይውጥሃል አለችው። እናት ሁሉ የሚለው ነው፣ ምን ይደረግ! ጉድጓዱ በእንጨት ተረበረበ፣ በጭቃ ተመረገ፣ ጎጆ ተሠራለት፤ ጭራቁን ግን ማንም አላወጣው። ጭራሽ ጓሮ መውጣት ነውር ነው እያለች ልጁን እዚያው ትሰደው ጀመር።

እማማ ሸጊቱ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ሆዱን እኔ አላላሁት፤ ያሰረው ግን አንቺ ዘንድ ነው» አሏት። «ዛሬ ካልወጣለት ነገ በጠዋት ደባርቅ።»

የትናየት ልጁን ከእማማ ሸጊቱ ቤት ጀርባ፣ ባቄላው ዳር ወሰደችው። ልጁ ቁጢጥ እንዳለ እግሩን ገጠመ። ደግሞ መጣበት፤ ፊቱ ቀላ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሊያምቀው ነው። የትናየት ፊት ለፊቱ ተንበረከከች።

«ጭራቅ የለም የኔ ጌታ። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።»

ገዱ ዓይን ዓይኗን አያት። «አሁንስ እየዋሸሽኝ ነው?»

ለአንድ ስኒ ጨው እንኳ በሚካኤል የምትምል ሴት የምትምልበት አጣች። ብትምል ብትገዘትስ የትኛውን ቃሏን ይመን? ልጇ በእጇ ላይ ሊቀርባት መሰላት።

«እንግዲያው አንገቴን ያዘኝ» አለችው። «ቢመጣ መጀመሪያ እኔን ይብላ።»

ገዱ አሰበበት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና አንገቷን በሁለት እጁ አንቆ አማጠ። ጣቶቹ ሥጋዋ ውስጥ ገቡ፤ አልተነቃነቀችም። ድንጋይ የመሰለው፣ ደም የነካው መጀመሪያ ወጣ፤ ልጁ ጮኸ። ቀሪው ተከተለ። የትናየት ሚካኤልን እየጠራች አለቀሰች።

ገዱ ለቅሶዋን ሰማ። ዓይኑን ሳይገልጥ በእጁ ፊቷን ዳሰሰ።

«እማ፣ በላሽ እንዴ?» አላት።