የክሩ ቤተሰብ

ክር የሚወድ ሰው የለም። ሰው ቀሚሱን ይወዳል፣ ሱሪውን ይወዳል፤ ክሩን የሚያስታውሰው ሲበጠስ ብቻ ነው። የክር ፋብሪካው የገበያ ኃላፊ ግን ይህን የነገሩትን ሁሉ በፈገግታ አዳምጦ፣ «እንግዲያው እንዲወዱት እናደርጋቸዋለን» አለና ሥራውን ለአዲሷ ተቀጣሪ ሰጣት። ቢሮ ውስጥ ጭምቷ ይሏታል። ስብሰባ ላይ አፏን ከከፈተች ሰው ሁሉ ዞሮ ስለሚያያት አትናገርም። የምታስበውን ጽፋ ስታመጣው ግን ሌላው በሦስት ገጽ የለፋበትን በሦስት መስመር ጨርሳው ትገኛለች።

የፋብሪካውን ገጽ ከፍታ ሁለት ወር ሙሉ የክር ፎቶ ለጠፈች። ቀዩን ለጠፈች፣ ሰማያዊውን ለጠፈች። ላይክ ያደረጉላት የመጋዘኑ ሠራተኞችና የኃላፊው ባለቤት ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ሲጨንቃት አክስቷ ዘንድ ሄደች።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጭምቷን ያሳደገቻትም እሷ ናት። ሱቋ ፎቅ ሥር፣ ደረጃው ከሚታጠፍበት ጎን ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን በመስኮቷ የሚታየው የወጪ ወራጁ እግር ነው። «እኔ ሰው የማውቀው ከጫፉ ነው» ትላለች፤ የማን ሱሪ ተረከዝ ሥር እንደሚረገጥ፣ የማን ቀሚስ ዘምዘማው እንደተፈታ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ታያለች።

ያን ቀን ጭምቷ ስልኳን አውጥታ ስትቀርጻት አክስቷ ክር እየፈተነች ነበር። አንድ ክንድ ያህል መዘዘች፣ ሁለቱን ጫፍ ጣቶቿ ላይ ጠመጠመች፣ ጆሮዋ አጠገብ ወሰደችና ድንገት ወጠረችው።

«ስሚ» አለች ለስልኩ። «ጥሩ ክር ሲወጠር ድምፁ ወፍራም ነው። ቀጭን ድምፅ ከሰማሽ፣ ልጄ፣ እሱ ክር አይደለም፤ ምኞት ነው።» ቀጠለችና የፋብሪካውን ክር ወጠረች። «ይኼ ግን ክር ነው። በዚህ የሰፋሁት ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ ስፌቱ አይለቅም። ለቀቀ የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ።»

ቪዲዮው እንደ ጉድ ዞረ። ሰፊው ሁሉ ጆሮው ሥር ክር እየወጠረ ራሱን ቀርጾ ይልክ ጀመር። ጭምቷ ጊዜ አላጠፋችም፤ ግሩፕ ከፈተች፣ ስሙን «የክር ቤተሰብ» አለችው፣ ደንብም ጻፈችለት። እዚህ ደንበኛ የሚባል የለም፣ ቤተሰብ ነው። እዚህ ምርታችሁ አይባልም፣ ክራችን ነው። ቤተሰብ ሲነካ ዝም አይባልም። አክስቷ የምታውቃቸውን ሰፊዎች አንድ በአንድ እየደወለች አስገባች፤ እነሱም የሚያውቋቸውን። በዓመቱ አርባ ሺህ ሆኑ። አክስቷን ሁሉም እቴቴ አሏት።

እቴቴ ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ክሩ ተበጠሰብኝ ያለ እንደሆነ መልሷ አንድ ነው፦ «ውጥረቱን አላላው፣ መርፌውን ቀይረው፣ እጅህን ታገስ። ክሩን አትማ።» እውነቷን ነበር። ያኔ ጥፋቱ ሁልጊዜ የመኪናው ወይ የእጅ ነበርና አርባ ሺህ ሰው ይህንን እንደ ጸሎት ሸመደደው።

ከዚያ ክሩ ተቀየረ።

ካርቶኑ ያው፣ ወረቀቱ ያው፣ ቀለሙም ያው ነበር። እቴቴ የመጀመሪያውን ጥቅልል ስትወጥር ድምፁን ሰምታ ጆሮዋን ጠረጠረች። በሁለተኛው ሳምንት የሰፈሩ ክሊኒክ ዋና ነርስ በፌስታል የታጨቀ ልብስ ይዛ ገባች፤ እቴቴ በቅርቡ ከሰፋቻቸው ሃያ ሁለት የነርስ ጋውኖች ዘጠኙ ነበሩ። አንዷ ነርስ በሽተኛ ደግፋ ስታነሳ ጋውኗ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሮ በሽተኛው ራሱ በአንሶላው ሸፍኗታል።

እቴቴ በማግሥቱ ለጭምቷ ደወለች።

«ክራችሁ ታሟል።»

«እቴቴ፣ ምናልባት ውጥረቱ...»

«ተይ! እኔኑ በእኔ ቃል? የጋውኑን እኔ እጄ አለልኝ፣ ፈትቼ እሰፋዋለሁ። እኔ የደወልኩት ስለ ቪዲዮው ነው። በየሳምንቱ መልሳችሁ ትለጥፉታላችሁ። እኔ እዚህ ተቀምጬ የተተረተረ እየለቀምኩ፣ እዚያ እኔው ይኼ ግን ክር ነው እያልኩ እምላለሁ። አፌን መልሽልኝ፣ የኔ ልጅ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ጭምቷ ኃላፊው ቢሮ ገብታ የመጣችበትን ለመናገር ጊዜ ፈጀባት። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ ቀዳላት።

«ክሩ ተቀይሯል እንዴ?» አለች።

«ተሻሽሏል» አለ።

«ይበጠሳል ይላሉ።»

«ማን ይላል?»

«አክስቴ። ቪዲዮው ይውረድልኝ ትላለች።»

«እቴቴ?» ሳቀ፣ በፍቅር። «እቴቴኮ የእኛ ብቻ አይደለችም፣ የአርባ ሺህ ሰው እናት ናት። እናት ከግድግዳ ላይ ትወርዳለች? አንቺ ቤተሰቧ ነሽ፣ በቤተሰብ ወግ አስረጃት።»

አላስረዳቻትም። አልደወለችላትምም። ቪዲዮው በዚያም ሳምንት ወጣ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ቪዲዮ ግሩፑ ውስጥ ፈቃድ ሊጠብቅ መጣ። እቴቴ ራሷን ቀርጻ ነው። ስልኩን ከካውያው ጋር አስደግፋው ኖሮ ግማሽ ግንባሯ ተቆርጧል። አሮጌውን ክር ወጠረች፣ አዲሱን ወጠረች፤ አዲሱ ተበጠሰ። «ልጆቼ» አለች፣ «ያኔ እውነት ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ ግን ክሩ ያ አይደለም። በእኔ ቃል ገዝታችሁ የሰፋችሁት ካለ ፈትሹት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከቪዲዮው ሥር ሁለት ቃል አለ፦ ፍቀድ፣ ሰርዝ። የሚፈቅደውም የሚሰርዘውም ጭምቷ ናት። አርባ ሺህ የስፌት መኪና አሰበች፤ በእያንዳንዱ ላይ የተበጠሰ ክር፣ ጥፋቱን በእጁ ያሳበበ ሰው። አንድ ሰው ቀድሞ እስኪናገር ነው የሚጠብቁት፣ አለች ለራሷ። ፍቀድን ነካችው። ከተቀጠረች ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ምሳ አልወጣችም።

ስትመለስ ሦስት ሰዎች «እኔም ተበጥሶብኛል» ብለው ነበር። ወዲያው ከእነሱ ሥር ወርቃማ ጣት የምትባለው አባል ብቅ አለች። የእቴቴን እጅ በቪዲዮ እያየች ስፌት የተማረች፣ በየቀኑ «እንደምን አደሩ እቴቴ» ሳትል የማትውል ሴት ናት።

«እቴቴ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ውጥረቱን ያላሉታ!» ከሥሩ አምስት የሚስቅ ፊት።

«መርፌውን ይቀይሩ እቴቴ።»

«እጅዎን ይታገሱ። ክሩን አይሙ።»

«እርጅና ነው ጎበዝ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ የማይበጠስ የለም።»

«ኧረ ነገሩ ሌላ ነው። ማን እንደላካት እናውቃለን።»

«የወጣሽበትን ቤተሰብ አደባባይ ታዋርጂዋለሽ? ምነው ዝም ብትይ?»

«በእኛ ትከሻ ታውቀሽ!»

ጭምቷ «እርስዎ» በስንተኛው ላይ «አንቺ» እንደሆነ ወደ ላይ ተመልሳ ፈለገች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እርስዎ ያላት አልተገኘም። ተበጥሶብኛል ያሉት ሦስቱ ያሉትን አጥፍተዋል፤ አንደኛዋ እንዲያውም ተመልሳ «ለካ መርፌዬ ኖሯል» ብላ ይቅርታ ጠይቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ «ክራችንን አትንኩ» የሚል ምስል ሠርቶ ለቀቀ፤ አባላቱ የመገለጫ ፎቷቸውን እያወረዱ በእሱ ተኩት። ክራችን የሚለውን ቃል ያስለመደቻቸው እሷው ናት።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው አስጠራት። ከሥራ መባረሯን እያሰበች፣ ዕቃዋን በልቧ ሸክፋ ገባች። ኃላፊው ቆሞ ጠበቃት።

«የፈቀድሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ!» እጇን ጨበጣት። «ብንሰርዘው ኖሮ አልቆልን ነበር፤ እውነት ስለሆነ ሰረዙት ይባላል። አንቺ ለቤተሰቡ ሰጠሽው፣ ቤተሰቡ ራሱ ጨረሰው። ሁለት ሺህ ኮመንት! እኔ ይኼን ብልጠት ከአንቺ አልጠበቅኩም።»

«እኔ እኮ...» አለች።

«አሁን በጥሩ እንዝጋው። ስድቡ ይብቃ፣ እናታችን ናት። ደክሟታል፤ ጤናዋን እንመኝላት፣ እናመስግናት። ያቺን ያንቺን ለስላሳ ቋንቋ አድርጊበት።»

ወንበሯ ላይ ተመልሳ መጀመሪያ አልጽፍም አለች። ቀጥላ እኔ ካልጻፍኩት ሌላው አበላሽቶ ይጽፈዋል አለች። አንዴ ብዕር ከነካች ደግሞ ክፉ ዓመሏ ነው፣ አሳምራ ካልሆነ አትችልም። «እቴቴ ዓይኖቿን ለእኛ አድክማለች። እጆቿ ስለ እኛ አንድ ቀን አላረፉም። አሁን እንድታርፍ የምንፈቅድላት እኛ ነን» ብላ ጨረሰች። «አድክማለች» የሚለውን ሁለት ጊዜ አጥፍታ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ሲለጠፍ ሰው አለቀሰ። ወርቃማ ጣት ራሷ «በእንባ ነው ያነበብኩት፣ ይቅር በዪኝ እቴቴ» አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጭምቷ ወደ ሱቁ ወረደች። እቴቴ በሩን ከፍታ ጋውኖቹን በምላጭ እየፈታች ነበር። ቀና አላለችም።

«ማን ጻፈው?»

ጭምቷ አጎንብሳ ከመሬት የወደቀ ክር አነሳች።

«እንዲህ አሳምሮ ሰው የሚቀብር እዚያ ቢሮ ሌላ የለም ብዬ ነው።» አንድ ስፌት ፈታች። «ነርሷ ደወለች። ቀሪዎቹን ለሌላ ሰጥተናል፣ እርስዎ ይረፉ አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ ምን ሆነሽ ነው እያለ ይጠይቀኛል። ምን ሆኛለሁ?»

«ምንም አልሆንሽም፣ እቴቴ።»

«እሱን ለእኔ አትንገሪኝ።»

ጭምቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣችና በፋብሪካው ገጽ፣ በፋብሪካው ስም ጻፈች፦ «ክሩ ተቀይሯል። ይበጠሳል። እቴቴ ጤነኛ ናት፤ ያለችው ሁሉ እውነት ነው።» እንዲህ ባጭሩ ጽፋ አታውቅም። ለቀቀችው። እቴቴ ምላጩን አስቀምጣ መነጽሯን አስተካከለች፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ጠበቁ።

የመጀመሪያው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጣ።

«ኧረ ገጹ ሀክ ተደርጓል!»

«ቤተሰብ፣ እንዳታምኑ! ሌባ ገብቶበታል።»

«ሪፖርት አድርጉ፣ ቶሎ!»

«ምን ይላሉ?» አለች እቴቴ፤ ፊደሉ ፈጠነባት።

«ሌባ ገብቶበታል ይላሉ።»

«ማን ነው ሌባው?»

«እኔ ነኛ።»

እቴቴን ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። በስድስተኛው ደቂቃ ጽሑፉ ጠፋ። በስምንተኛው ገጹ ጭምቷን አላስገባ አላት። ኃላፊው አልደወለም፤ አጭር መልእክት ላከ፦ «ሰኞ እንነጋገራለን። የይለፍ ቃሉን ቀይረነዋል።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሴት አበባ ያለበት ጨርቅ በክንዷ፣ አዲስ ክር በእጇ ይዛ ገባች። ደንበኛ ናት፤ የእሷንም የሁለት እህቶቿንም ልብስ እቴቴ ነው የምትሰፋው።

«እቴቴ፣ ተሽሎዎታል? ቀለል ያለ ቀሚስ ነው፣ አያደክምዎትም። ክሩን እኔው ገዝቼ መጥቻለሁ።» ክሩን መኪናው ላይ አስቀመጠች። «በዚህ ነው የሚሰፉልኝ እሺ? በሌላ እንዳይሰፉብኝ።»

«ይኼ አይሆንም፣ ልጄ። ይለቃል።»

«አይ እቴቴ...» ሴትየዋ ሕፃን እንደምታባብል አንገቷን ዘመም አደረገች።

እቴቴ አልተቆጣችም። ክሩን ጨርቁ ውስጥ ጠቀለለች፣ ጨርቁን በደንብ አጣጥፋ ሴትየዋ ክንድ ላይ መለሰችው። «ሌላ ሰፊ ፈልጊ» አለች። ፊቷን ወደ መኪናው አዞረችና መርገጫውን እየረገጠች አንዱን ጋውን መስፋት ጀመረች።

ሴትየዋ በሩ ላይ ስትደርስ ዝቅ ብላ፣ ጭምቷን ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ዓይኗ እውነተኛ እንባ አቅርሯል።

«ልጇ ነሽ አይደል? አይዞሽ፣ የኔ እህት። ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ዝም ብለሽ አትያት።»

ጭምቷ ብዙ የምትለው ነበራት፤ ከአሁን አሁን እላለሁ ስትል ሴትየዋ መልስ እየጠበቀች በደግነት ታያታለች።

«እሺ» አለቻት።

መርገጫው ላይ የነበረው የእቴቴ እግር ቆመ።