ኮሪያ በሞጣ በኩል

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እስከዳር ግን የማታውቀው አገር ከናፈቃት ሰንብቷል። ከየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተመርጠው በነሐሴ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ኮሪያ ለጉብኝት ከሚሄዱት ተማሪዎች አንዷ እንደሆነች ከተነገራት ወዲህ፣ ቢቸና ውስጥ ጥያቄ ያላነሣችበት ሰው የለም። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ ያላት አማራጭ ሰው መጠየቅ ነበር። ክትባት የወጋቻትን ነርስ፣ አውሮፕላን ውስጥ ጆሮ ለምን እንደሚደፈን ጠየቀቻት። ፎቶ አንሺውን፣ ለፓስፖርት ሲሆን መሣቅ ለምን እንደሚከለከል ጠየቀችው። እሱም የሚሣቅ ነገር ስለሌለው ነው አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እናቷ ወይዘሮ በዛብሽ ገበያው ዳር እህል የሚነግዱ፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት እጃቸው ወደ ሥራ የሚቀድም ሴት ናቸው። ልጅቱ ስትጠይቅ እሳቸው ያሽጉ ነበር። በሶው ተፈጭቶ፣ ሽሮው በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ ዳቦ ቆሎው ተቆልቶ አልቋል፤ ጉዞው በፍልሰታ ጾም ነውና ልጄ እዚያ ምን ትቀምሳለች ብለው ነው። ሻንጣውን የጤፍ ኬሻ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። እስከዳር ከፍታ ብታየው ከታች ጋቢ፣ ከጋቢው ላይ ሁለት የሱፍ ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ ኮሪያ በነሐሴ ይሞቃል እኮ።"

"በነሐሴ?" አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። "ዝናብስ የለም?"

"ዝናብም አለ።"

"እየዘነበ የሚሞቅ አገር።" እናትየው ይህን ሲያሰላስሉ ቆዩና ሹራቦቹን አወጡ። ጋቢውን ግን እንደገና አጣጥፈው ከቦታው መለሱት፤ ለማንኛውም አሉ።

ሻንጣው ገና ሳይዘጋ ነበር መምህር እዮብ የደወሉት። መምህር እዮብ ከሆሳዕና ከተማ መጥተው ቢቸና የሚያስተምሩ፣ ከምሥራቅ ጎጃም የተመረጡትን ልጆች ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው። የደወሉት ከእስከዳር ጋር አንድ ክፍል እንድታድር ስለተመደበችው ልጅ ነበር። ኢናስ ትባላለች፤ የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ሳሊህ ነጋዴ ናቸው። ወረቀቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ እናቷ ልጄን አልልክም ብለዋል። ለምን ቢባሉም ምክንያታቸውን በስልክ አይናገሩም። መምህር እዮብ ራሳቸው ሞጣ ድረስ ሄደው ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል እንጂ ያገኙት መልስ የለም። አሁን ወይዘሮ በዛብሽን የለመኗቸው፣ ልጃቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ብቅ እንዲሉ ነው። ለማግባባት አይደለም፤ እንዲተያዩ ብቻ።

ወይዘሮ በዛብሽ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ሻንጣው አጠገብ ተቀመጡ።

"ሴትዮዋ ልክ ናት" አሉ። "እኔስ ልጄ ከማን ጋር እንደምታድር መች ጠየቅሁ? በሶ ስፈጭ ከረምሁ እንጂ።"

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ባዶ እጅ አይኬድምና ነጭ ጤፍ በትንሽ ከረጢት ይዘው በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። እስከዳር በመስኮቱ በኩል ጭጋጉን እያየች፣ ስለማታውቃት ልጅ ስታስብ ሄደች። ታንኮራፋ ይሆን? ሲያወሯት ትመልሳለች ወይስ ዝምተኛ ናት? ደብረ ወርቅን ሲያልፉ እናቷን፣ ሙስሊም ቤት ምሳ በልተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በሠርግ፣ ለክርስቲያን ለብቻ በተሠራ ድንኳን በልቻለሁ፤ ቤታቸው ገብቼ ግን አላውቅም አሏት።

የአቶ ሳሊህ ሱቅ ሞጣ ገበያ አጠገብ ነው፤ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የልጆች ኳስ፣ ባልዲ፣ የማይሸጥ ነገር የለም። መኖሪያ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይዳ ረጅም፣ ፊታቸው የረጋ ሴት ናቸው፤ እንግዶቹን በክብር ተቀብለው አስቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ሽሮና ጎመን ቀረበ። "ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ። ቅቤ ባልነካው ድስት የሠራሁት ነው" አሉ። ወይዘሮ በዛብሽ ቶሎ ብለው ጎረሱ።

ኢናስ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ዐይኗ ፈጣን ልጅ ናት። እስከዳርን በሥርቆሽ ስታይ እስከዳርም በሥርቆሽ ስታያት ዐይን ለዐይን ተጋጩና ሁለቱም ወደ ሣህኑ አቀረቀሩ።

ምሳው ከተነሣ በኋላ ነው ወይዘሮ ዘይዳ ነገሩን የነገሯቸው። ባለፈው ዓመት ኢናስ ለጥያቄና መልስ ውድድር ባሕር ዳር ሄዳ ከሌሎች ልጆች ጋር አድራ ነበር። ስትመለስ እናቷ ሶላትሽን እንዴት አደረግሽ ቢሏት፣ ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ሰገድሁ አለቻቸው። ያን የሰሙ ቀን ወይዘሮ ዘይዳ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

"አውሮፕላኑን አልፈራም" አሉ። "ሩቅ መሆኑንም አልፈራም። ልጄ በራሷ እንድታፍር ግን ገንዘብ ከፍለው ቢወስዱልኝ አልሰጥም።"

ወይዘሮ በዛብሽ የሚያጽናና ቃል ሲፈልጉ፣ እስከዳር ግን ሌላ ነገር ይዟት ነበር። ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም።

"ኢናስ፣ ኮሪያ ስትሰግጂ ወደ የት ነው የምትዞሪው?"

ወይዘሮ በዛብሽ የልጃቸውን ጉልበት ቆነጠጡ። ኢናስ ግን ቀና አለች። "እዚህ ወደ ሰሜን ነው የምንዞረው" አለች በቀስታ። "እዚያ ግን… አላውቅም። በስልክ እንዳላይ ኢንተርኔቱ የለም።"

አቶ ሳሊህ በበሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ሰሜን ሰሜን ነው፣ የትም ቢሆን አሉ። ልጃቸው አይሆንም አለች፤ መካ እኮ የምትቀመጠው አንድ ቦታ ነው፣ የምንንቀሳቀሰው እኛ ነን። ክርክሩ ሲከር አቶ ሳሊህ ወደ ሱቁ ሄደው አንድ ኳስ ይዘው መጡ። ኢናስ የጂኦግራፊ መጽሐፏን አወጣች። ሁለቱ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው፣ ካርታውን እያዩ ኳሱ ላይ በእስክሪብቶ ሞጣን፣ መካንና ኮሪያን ነጠብጣብ አደረጉ። ተሳሳቱና በምራቅ አጥፍተው እንደገና አደረጉ።

"ክር ያስፈልጋል" አለች እስከዳር።

ክሩን ያመጡት ወይዘሮ ዘይዳ ናቸው። አንዱን ጫፍ ራሳቸው መካ ላይ ያዙ፤ ኢናስ ሌላውን ኮሪያ ላይ ወጥራ ያዘችው። ክሩ ከኮሪያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ሄደ።

"ወደ ምዕራብ" አለች ኢናስ፣ የራሷን ዐይን እንዳላመነች ሰው።

"እኛ ደግሞ የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው" አለች እስከዳር። "አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ልንሆን ነው።"

ኢናስ ሣቀች። ወይዘሮ ዘይዳ ግን አልሣቁም፤ ኳሱን እያዩ ነበር።

"ኮሪያ ከኛ ወደ ምሥራቅ አይደለም?" አሉ እስከዳርን። "እዚያ ደርሰሽም ወደ ምሥራቅ ትዞሪያለሽ። ከዚያም ብትሄጂ እንዲሁ። ታዲያ ምሥራቅ አያልቅባችሁም?"

እስከዳር ይህን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ጣቷን ኮሪያ ላይ አድርጋ ወደ ምሥራቅ ጎተተችው፤ ሰፊውን ባሕር፣ አሜሪካን፣ ሌላውን ባሕር አቋርጣ በምዕራብ በኩል ተመልሳ ሞጣ ገባች። ሁሉም ጣቷን ሲከተሉ ነበር።

"አያልቅም" አለች።

ወይዘሮ ዘይዳ ኳሱን ከእጇ ተቀበሉና በራሳቸው ጣት ደገሙት። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ገና ሳይነጋ ተነሥታ መብራት ታበራለች። ትቆጫለሽ?"

እስከዳር አሰበች። እናቷ ምን እንድትል እንደሚፈልጉ ታውቃለች። "እንቅልፍ እወዳለሁ፤ ልቆጣ እችላለሁ" አለች። "ግን አልስቅባትም። እኔም እኮ ሁሉም ሥጋ ሲበላ እጾማለሁ።"

ወይዘሮ ዘይዳ እሺም እንቢም ሳይሉ ሻይ ቀዱላቸው። የከሰዓት በኋላው መኪና እንዳያመልጣቸው እናትና ልጅ ተሰናብተው ወጡ። በመንገድ ላይ ወይዘሮ በዛብሽ ሴትዮዋ አትልክም ብለው ደመደሙ፤ እስከዳርም ያን "ልቆጣ እችላለሁ" ያለችውን እያነሣች እየጣለች ቢቸና ገባች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ ዘይዳ ነበሩ። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ጥራት፣ ስለ ጤና። ከዚያ እስከዳርን አቅርቡልኝ አሉ። ኳሱን ሳዞረው ሰነበትሁ አሏት፤ እኛ ጋ ቀትር ሲሆን እነሱ ምን ላይ ናቸው? እስከዳር ፀሐያቸው ወደ መጥለቁ ነው፣ ሊመሽባቸው ነው አለቻቸው። "እንግዲያ እኔ ዙሁርን ስሰግድ ኢናስ ለመግሪብ ትሰናዳለች ማለት ነው" አሉ። "በይ ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ በሶ አያብዙ። እኔም አዘጋጅቻለሁ፤ ለሁለት ይሆናል።"

እስከዳር ስልኩን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች። የሰማችው እሺታ መሆኑ የገባት ለእናቷ ስትነግር ነው። ወይዘሮ በዛብሽም ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ ከሻንጣው ውስጥ ግማሹን በሶ መልሰው አወጡ።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው መኪና ቢቸና ላይ በወይዘሮ በዛብሽ ሱቅ ደጃፍ ቆመ። መምህር እዮብ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ነበሩ። መሐል ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ወይዘሮ ዘይዳ ነበሩ። ልጄን እስከ አውሮፕላኑ አደርሳለሁ ብለው መነሣታቸውን መምህር እዮብ እየሣቁ ተናገሩ። ከቢቸና ወዲያ ሄደው አያውቁም፤ የአባይን በረሃም በወሬ ነው የሚያውቁት።

የእስከዳር ሻንጣ ተጫነ። ልጅቱ እናቷን አቅፋ ሳመች፤ ወይዘሮ በዛብሽም መረቁ። በሩ ሊዘጋ ሲል ወይዘሮ ዘይዳ ትንሽ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"አውሮፕላን በቅርብ አይተው ያውቃሉ?" አሏቸው።

"የት አይቼ?"

"እኔም።"

ወይዘሮ በዛብሽ ወደ ሱቃቸው ዘወር አሉ። በሩ ክፍት ነው፤ ገዢ ይመጣል፤ ረቡዕ ገበያ አለ። ከወገባቸው ቁልፉን ፈቱና አገሬ ለምትባለው ጎረቤታቸው ሰጧት፤ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ አሏት። የለበሱት የቤት ቀሚስ ነበር፤ ነጠላቸውን ብቻ አስተካክለው ገቡ።

መኪናው ወደ ደጀን ሲያቀና እስከዳርና ኢናስ ከኋላ ወንበር ሆነው ያዳምጡ ነበር። ሁለቱ እናቶች መምህር እዮብን፣ ያ ሁሉ ሰው የተጫነበት ብረት ሰማይ ላይ ምን ይዞ እንደሚቆም እየተቀባበሉ ይጠይቋቸዋል፤ መምህር እዮብም መልሱን ከየት እንደሚጀምሩት ጨንቋቸው ነበር።