የፍርምባው ውሃ

ጽጌ ጆሮዋን ሥጋው በጢስ ወደሚበስልበት በርሜል አስጠግታ አዳመጠች። ውስጡ በሳህን የተቀመጠው ውሃ ይንተከተካል። ክዳኑ ላይ የተገጠመው የሙቀት መለኪያ መቶ አሥር ላይ ቆሟል።

"እዚያው ሁንልኝ" አለችው፣ ለሰው እንደሚነገር።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እሳቱ ዳር ናት። ከዘጌ በጀልባ የመጣውን የደረቀ የቡና ግንድ በየተራ ትጨምራለች፤ የጣና ነፋስ ሲነሣ የአየር መግቢያውን ታጠብባለች፤ ውሃው ሲጎድል በትንሿ ቀዳዳ ትሞላለች። ውሃው ካለቀ እንፋሎቱ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ስድስት ኪሎው ፍርምባም የጫማ ሶል ይሆናል። ሽምብጥ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከጀሪካኑ የተረፈው አንድ ጆግ ብቻ ነበር። በርሜሉን ስልክ ላይ አይቶ ያሠራው ባሏ አዘዘ ነው። ማሠራቱን አሠራው፤ ጢሱ የሚያስለቅሰው ግን እሷን ነው።

ነገ ፋሲካ ነው። አዘዘ የሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ከነባለቤታቸው ለምሳ ይመጣሉ። የመጋዘን ኃላፊው ወንበር ባዶ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው፤ አዘዘም ስለዚህ ፍርምባ ለአለቃው ማውራት የጀመረው ገና በሁዳዴ አጋማሽ ነበር።

ጽጌ ደግሞ ከሐሙስ ማታ ወዲህ እህልም ውሃም አልቀመሰችም። ልጅ እንድትሰጣት፣ ሰባት ፋሲካ አክፍሎት ልትጾም ለእመቤታችን ተስላለች። ስድስቱን ሳታጓድል ጨርሳለች። ለሰባተኛው የቀራት የዛሬ ከሰዓት በኋላና ሌሊቱ ነው።

አዘዘ በነጭ ሸሚዙ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቱ ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጨው በዝቶበት ቢሆንስ?" አለ አዘዘ።

"አልበዛም። ለክቼ ነው ያሸሁት።"

"ማን ቀመሰው?"

"በጾም ማን ይቀምሳል? ሽታው ይነግረኛል።"

"ሥራ አስኪያጁ በአፍንጫቸው አይበሉም።" እጁን ወደ ክዳኑ ዘረጋ።

"አትክፈተው፤ እንፋሎቱ ይወጣል።"

ከፈተው። እንፋሎቱ ፊቱን ገርፎት ሄደ፤ መለኪያውም ወደ ሰማንያ ወረደ። ከፍርምባው ጫፍ አውራ ጣት የምታህል ቆርጦ፣ በቢላዋው ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋት።

"ቅመሺው።"

"አዘዘ፣ እባክህ። አክፍሎት ላይ ነኝ።"

"አላምጠሽ ትተፊዋለሽ። ማን ብይ አለሽ?"

"አንተስ ለምን አትቀምሰውም?"

"እኔ? እየጾምሁ?" አለ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ወይዘሮ የብርጓል ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጣልቃ ገቡ። "ስድስት ዓመት ጾመሽ ምን አመጣሽ? ሆድሽ እንደሆነ ያው ነው። ይልቅ የባልሽን እንጀራ አስቢ።"

ጽጌ ቀና ብላ አየቻቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ለምዳዋለች፤ ቢሆንም በሰሙነ ሕማማት ይተዉላት ነበር። ቢላዋው ከንፈሯ ላይ ነው። አፏን የከፈተችው ቢላዋው እንዲነሣላት ብላ ነው።

ልትተፋው ነበር፤ በእውነት ልትተፋው ነበር። ሁለት ቀን የደረቀ ጉሮሮ ግን ጨውና ስብ ሲደርሰው ፈቃዷን አልጠየቃትም። ዋጠችው። ደግሞ ጣፈጣት፤ የከፋው እሱ ነው።

"እህስ?" አለ አዘዘ።

"ጨው ልክ ነው።"

"ዋጠችው እኮ" አሉ ወይዘሮ የብርጓል። "በቀዳም ስዑር፣ ዓይኔ እያየ። ትፊው አይደል ያልሃት?"

"ያልሁትማ ትፊው ነበር" አለ አዘዘ፣ ቢላዋውን በጨርቅ እየጠረገ።

"እንግዲህ ፈስከሻል" አሉ እናቱ። " ዛሬ ቤተ ክርስቲያን መምጣትሽ ምን ያደርጋል? እዚሁ እሳትሽን ጠብቂ።"

ጽጌ አዘዘን አየችው። እሱ ሰዓቱን አየ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ጧፋቸውን ይዘው ወጡ። አዘዘ ከበሩ ተመለሰ።

"ውሃውን እንዳትረሺ። ከደረቀ ጉድ ሆንሁ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ" አለች።

ግቢው ጭር አለ። ጽጌ ሰባት ዓመቷን በአንድ ጉርሻ ያጣች ሴት ናት፤ አልቅሳ ቢወጣላት በወደደች፣ እንባው ግን ከጢሱ በቀር ምክንያት አላገኘም። በርሜሉ ውስጥ መንተክተኩ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። መለኪያው መቶ አርባን አለፈ። የመጨረሻውን ውሃ የያዘውን ጆግ አነሣች፤ አፉን ወደ ቀዳዳዋ አዘነበለች፤ እንደዚያው ጥቂት ቆየች።

ከዚያ ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። ውሃው ለብ ብሎ ጢስ ጢስ ይላል። ሳታርፍ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ሁለት የቡና ግንድ እሳቱ ላይ ጨመረች፤ ባዶውን ጆግ ክዳኑ ላይ ደፋችውና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።