ጽጌረዳዎቹ የሚተኙበት ሳምንት

ሰኞ ጠዋት ሬዲዮው ሐሙስ ማታ ብርቱ ውርጭ እንደሚወርድ ሲናገር፣ አርዲስ የግቢዋን ሥራ ከአንድ ነገር በስተቀር ጨርሳ ነበር። የሜፕሉን ዛፍ ቅጠል ጠርጋ፣ በከረጢት ሞልታ፣ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ደርድራዋለች። የውሃውን ጎማ አንጠፍጥፋ ጠቅልላ ምድር ቤት አውርዳዋለች። የውጭውን ቧንቧ ከውስጥ ዘግታለች፤ ወንበሮቹን አስገብታለች፤ የደረቀውን የቲማቲም ግንድ ነቅላ ጥላለች። የቀሩት ጽጌረዳዎቹ ናቸው። አሥራ አንድ ናቸው፤ በእሷና በጎረቤቷ በኦርቪን ግቢ መካከል ባለው ወሰን ላይ በአንድ መስመር ቆመዋል። ከወሰኑ ወዲያ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቀው፣ የኦርቪን ዘጠኙ ቆመዋል። አጥር የለም።

በሰሜን አሜሪካዋ ሚኔሶታ ጽጌረዳ የበረዶውን ወራት ቆሞ አይሻገርም። ብርዱ ከአናቱ ጀምሮ እስከ ሥሩ ያደርቀዋል። ስለዚህ መሬቱ ሳይጠጥር ያስተኙታል። ቅርንጫፎቹን በሲባጎ አንድ ላይ ያስራሉ፤ ከግንዱ ሥር ጀምረው ቁመቱን የሚያህል ቦይ ይቆፍራሉ፤ በሌላው ወገን ሥሩን በባለ ጥርስ መቆፈሪያ ያላላሉና ተክሉን እንዳለ ወደ ቦዩ ያጋድሙታል። ከዚያ አፈር፣ ከአፈሩ በላይ ቅጠል። በሚያዝያ የተኛበትን ለማግኘት የሲባጎው ጫፍ ብቻ ውጭ ይቀራል። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ከታች ይገፋል፤ ሌላው ግንዱን ይዞ፣ ከሥሩ እንጂ በዱር ሥር ላይ ከተዳቀለበት ጉጥ ላይ እንዳይታጠፍ እየጠበቀ ቀስ ብሎ ያወርደዋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሰዎች የአርዲስ ባል ሌናርትና ኦርቪን ነበሩ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ መጀመሪያ የሌናርትን መስመር፣ ቀጥሎ የኦርቪንን። አርዲስ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት ጎንበስ ያሉ ጀርባዎች ታያለች። ሲነጋገሩ አይታ አታውቅም። እኩለ ቀን ላይ ሾርባ አሙቃ ትጠራቸዋለች። ኦርቪን ቤቴ ምግብ አለኝ ይላል። ደግማ ስትጠራው ሱሪዬ ጭቃ ነው ይላል። ሦስተኛ ስትጠራው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባና፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የአገሩ ሰው እንዲህ ነው። ሁለት ጊዜ መግደርደር ያለ ነው። በሦስተኛው የተባለው ግን ቁም ነገር ነው፤ አራተኛ የሚጠይቅ የለም።

ሌናርት በመጋቢት አረፈ። ጽጌረዳዎቹ ገና ከመሬት በታች ነበሩ።

በሚያዝያ አንድ እሑድ አርዲስ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አሥራ አንዱንም ቆመው አገኘቻቸው። አፈሩ ተጠርጓል፣ ሲባጎው ተፈቷል። ኦርቪን ብቻውን አንስቷቸው በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ሲያያት እጁን አነሳላት። እሷም ኮቷን ሳታወልቅ እስከ ወሰኑ ሄዳ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ አመሰግናለሁ፣ ከእንግዲህ ግን እኔው እሠራዋለሁ አለችው። ያ አፈር የሌናርት እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የደለደለው መሆኑን አልነገረችውም። ለማንም አልነገረችም።

ኦርቪን ክፉ ነገር አልመለሰላትም። በሰኔ ቅጠሎቹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲወጣ፣ መድኃኒት ልርጭልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ራሷ እንደምትረጭ ነገረችው። በነሐሴ ልጇን ለመጠየቅ አሪዞና ስትሄድ ውሃ ላጠጣልሽ ወይ አላት፤ ለዚያ የሚሆን በሰዓት ራሱ የሚከፈት ማጠጫ ገዝታ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣና፣ ጥቅምት ሲደርስ እንደ ወትሮው እናስተኛቸው ወይ አለ።

“እችላለሁ፣ ኦርቪን” አለችው።

ሦስት ሆነ። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኛት ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚያወራት።

ማክሰኞ አርዲስ ከሌናርት መደርደሪያ ላይ አሮጌውን የቡና ቆርቆሮ አወረደች። ሌናርት ሲባጎ አይጥልም ነበር። በቆርቆሮው ውስጥ በሚያዝያ ከጽጌረዳዎቹ የተፈታው፣ እሷ ሰብስባ የከተተችው አሥራ አንድ ቁራጭ ሲባጎ አለ፤ የእያንዳንዱ ጫፍ በእሱ አስተሳሰር ተቋጥሯል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ የአሠራሩን ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ጽፋ ኪሷ ከታለች። ሥራው ከቅደም ተከተል ያለፈ ነገር አለው ብላ አላሰበችም።

ለወጥ ቤቱ ከሚቀርበው፣ ሌናርት መጀመሪያ ከተከለው ቢጫ ጽጌረዳ ጀመረች። ቦዩን መቆፈር ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሥሩን አላልታ መቆፈሪያውን ስትገፋ ተክሉ ዘመም አለ። ግንዱን ልትይዝ ዞራ ስትሮጥ መቆፈሪያው ተለቀቀና ተክሉ ተመልሶ ቆመ። እንደገና ገፋች፤ እንደገና ቆመ። በሦስተኛው በእግሯ መቆፈሪያውን ረግጣ፣ ተንጠራርታ በአንድ እጇ ግንዱን ያዘችና ወደ ታች ተጫነችው።

ካሮት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከጉጡ ላይ ተቆርጦ እጇ ውስጥ ቀረ።

በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር የኦርቪንን መስኮት ማየት ነው። ማንም የለም። የተሰበረውን ተክል ቦዩ ውስጥ አጋደመችው፣ አፈር መለሰችበት፣ የሲባጎውን ጫፍ ወደ ውጭ አወጣች፣ በአካፋው ጀርባ ደለደለችው። ከሩቅ ላየው በሥርዓት የተኛ ይመስላል።

ያን ዕለት ከሰዓት ልጇ ካሪን ከአሪዞና ደወለች። አየሩን ጠየቀች፣ ጤናዋን ጠየቀች፣ ከዚያ ወደ ጽጌረዳዎቹ መጣች።

“እማዬ፣ ለምን አታስነቅያቸውም? ሣር ዝሪበት። ሣር ራሱ ይተኛል፣ ራሱ ይነሳል።”

“አንዱ ተኝቷል። አሥር ቀረኝ።”

“እኔ ደግሞ አቃታት ብዬ ስሰጋ” አለች ካሪን፤ ደስ ብሏታል።

ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ ነጭ ነበር። አርዲስ አካፋውን ይዛ ወጣችና ሁለተኛው ጽጌረዳ አጠገብ ብዙ ቆመች። በእጇ ላይ ያ ድምፅ አለ። ከነገ በኋላ መሬቱ አካፋ አይቀበልም፤ ቆመው የቀሩት ሁሉ ይሞታሉ። ብቻዋን ካስተኛቻቸውም በእጇ ልትገድላቸው ነው። ሌናርት ጽጌረዳዎቹን ሲንከባከብ የኖረው ለእሷ ብሎ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሣር እንደማትዘራ ታውቃለች። ምን እንደምታደርግ ግን አታውቅም። ተመልሳ ወጥ ቤት ገባች።

ከመስኮቱ ሆና ነው የኦርቪን መስመርም እንደቆመ ያስተዋለችው። እስካሁን አልቸኮለም ብላ ነበር። አሁን በሩን ከፍቶ መቆፈሪያውን ይዞ ወጣ። ቀደም ብሎ አንዱን አስሮ ቦዩን ቆፍሮለታል። እግሩን አስቀምጦ ገፋ፤ ተክሉ እስከ ግማሽ ዘመም አለ። ሁለት እጁ መቆፈሪያው ላይ እንዳለ ራሱን ወደ ግራ አዞረ። ሌናርት ሁልጊዜ የሚንበረከክበት ቦታ ነው። ጓንቱን ሊያመጣ የሄደ ሰው እንደሚጠብቅ ያህል ቆየ። ከዚያ መቆፈሪያውን ነቀለው፤ ጽጌረዳውም ተመልሶ ቆመ።

አርዲስ ጓንቷን አድርጋ ወጣች። ወሰኑን ተሻግራ አታውቅም ነበር፤ እንግዳ ሲገባ በፊት ለፊት በር ነው። ተሻገረች።

“ልያዝልህ?”

“አይ፣ ይዤዋለሁ።”

አልያዘውም። ሁለቱም ያያሉ።

“አንተ ግፋ፣ እኔ ግንዱን ልያዝ።”

“ጓንትሽ ስስ ነው። እሾሁ ያልፈዋል።”

ሁለት። ሦስተኛው አፏ ላይ ደርሶ ቆመ። በመስከረም እሷ ያለችውን ቢላት ምን እንደምትል አሰበች። እምቢ የማለት መብት አለው፤ እምቢ ካለ ደግሞ እምቢታው ለዘንድሮ ብቻ አይሆንም። አፈሩን አየች። ከዚያ ልትጠይቀው የመጣችውን ትታ ሌላ ነገር ተናገረች።

“ኦርቪን፣ ቢጫውን ሰበርኩት።”

ኦርቪን በእሷ በኩል ያለውን የተደለደለ አፈር አየ።

“ከጉጡ?”

“ከጉጡ።”

“ያ የተኛው ታዲያ?”

“ቀበርኩት። እንዳታይብኝ።”

ኦርቪን በጓንቱ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። “ሌናርት በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሰብሯል” አለ። “ለአንቺ ምን እንዳለሽ ታስታውሻለሽ?”

አስታወሰች። “አይጥ በላቸው አለኝ።”

“አይጡ እሱ ነበር።”

“ወጥመድ ገዝቼለታለሁ እኮ። ስድስት ወጥመድ።”

“አውቃለሁ። ጋራዥ ውስጥ ሆነን ስንስቅ ነበር። አይጥ እንደሌለ እንዳታውቂ አንዱን ወጥመድ ራሱ ሲያጠምደው ጣቱን ያዘው።”

“ጣቴን በር ያዘኝ ነው ያለኝ።”

“እንዴ፣ ታዲያ ምን ይበልሽ?”

አርዲስ አልሳቀችም፤ ፊቷ ግን ሊስቅ ደርሶ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ሰዎች ስለ ሌናርት ሲነግሯት የከረሙት የምታውቀውን ነው። አዲስ ነገር ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታም ቅናትም ሆነባት።

“ስትነጋገሩ አይቼ አላውቅም” አለችው።

“ከመስኮቱ ዘወር ስትይ ነበር የምናወራው።” መቆፈሪያውን አነሳና ወደ እሷ መስመር መራመድ ጀመረ።

ካንተ እንጀምር ብትለው አልሰማም፤ መጀመሪያ የሌናርት ነው አለ። እሱ ገፋ፣ እሷ ያዘች። በመጀመሪያው ላይ፣ አትጫኚው፣ ወደ ራስሽ ሳቢው፣ ራሱ ይወርዳል ብሎ አሳያት። እሾሁ እንዳለው ጓንቷን አለፈ። ራሱ ወረደ። ኦርቪን የሲባጎውን ቋጠሮዎች ሲያይ ትንሽ ቆም ይልና፣ ሳይፈታቸው እንዳሉ ይጠቀምባቸዋል። የእሷ አሥሩ፣ የእሱ ዘጠኙ ተኝተው፣ ቅጠሉ ከየከረጢቱ ተበትኖ ሲያልቅ ፀሐይዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በታች ወርዳለች።

በመጨረሻ ኦርቪን ቢጫው የተቀበረበት ቦታ ላይ ተንበረከከ። ሲባጎውን አልጎተተውም።

“ሥሩ ካልሞተ በሰኔ አንድ ነገር ያወጣል” አለ። “ቢጫ አይሆንም። ሥሩ የዱር ነው።”

“ምን ይሆናል?”

“ቀይ፣ ትንንሽ አበባ። ሌናርት ሲወጣበት ነቅሎ ይጥለው ነበር።”

አርዲስ አንድ እቅፍ ያህል ቅጠል አመጣችና ያንኛውንም አለበሰችው።

ከዚያ ሾርባ እንዳለ ነገረችው። ቤቴ ምግብ አለኝ አለ። ብዙ ነው የሠራሁት አለችው። ሱሪዬ ጭቃ ነው አለ። አለና ጓንቱን አውልቆ አንዱን በአንዱ እያራገፈ ቆመ፤ ሁለት ጓንት ማራገፍ ከሚፈጀው በላይ ቆየ። አርዲስ ወደ ወጥ ቤቷ አየች። ከውጭ ጠረጴዛው ይታያል፤ የእሷ ወንበርና የሌናርት ወንበር ይታያሉ። ከበሩ አጠገብ የነበረችውን ሦስተኛዋን ወንበር በሚያዝያ ምድር ቤት አውርዳታለች። ሦስተኛውን ጥያቄ ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም።

ኦርቪን ራሱን ነቀነቀ። አልተቀየማትም። “በይ እንግዲህ፣ አርዲስ።”

“አመሰግናለሁ፣ ኦርቪን” አለች። በዚህ ጊዜ ከኋላው ምንም አልጨመረችበትም።

ሾርባዋን ብቻዋን በላች። ጽጌረዳዎቹ ስለተኙ በሁለቱ ቤቶች መካከል የቆመ ነገር የለም፤ ኦርቪን ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ሲበላ በግልጽ ይታያታል። በየዓመቱ እንዲህ ይታይ ኖሯል። መጋረጃውን አልጋረደችም።

ሐሙስ ውርጩ እንደተባለው ወረደ። አርብ ጠዋት ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ሃያ የሲባጎ ጫፍ ከቅጠሉ ላይ ብቅ ብሏል፤ ሁሉም ላይ ነጭ አመዳይ ተጋግሮባቸዋል። የትኛው የተሰበረው እንደሆነ ለማያውቅ አይለይም። አርዲስ ቧንቧው ቀዝቅዞ እንዳልፈነዳ ለማየት ምድር ቤት ወረደች። ቧንቧው ደህና ነው። ስትወጣ ሦስተኛዋን ወንበር በአንድ እጇ ይዛ ወጣች። አቧራውን ጠርጋ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ትንሽ ቆማ አየቻትና ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገቻት። ጽጌረዳዎቹ የሚነሱበት ሚያዝያ ገና ሩቅ ነው።